ሽማግሌ በሌለበት አገር

በአገራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገሩን ቀድሞ የሚሰማው ጎረቤት ነው፤ ቀጥሎ የሚሰማው የንስሐ አባት ነው፤ ዳኛ የሚሰማው ሁሉም ሰምቶ ካበቃ በኋላ ነው። የተጣላች ሚስት የምትሄድበት የእናት ቤት አላት፤ ተቈጥቶ የወጣ ባልም የሚያድርበት የወንድም ቤት አያጣም። በማግሥቱ ጋቢያቸውን የደረቡ ሽማግሌዎች በር ላይ ይቆማሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ነገሩ ከጥንት ጀምሮ እየተነሣ ይወድቃል። በባዕድ አገር ግን ይህ ሁሉ የለም። ያለው አንድ ክፍልና አንድ ሳሎን፥ የሁለቱም ስም የተጻፈበት የኪራይ ውል፥ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ በደረጃ ላይ ሲገናኝ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ የሚያልፍ ጎረቤት ብቻ ነው።

በዚህ መጽሔት ስለ ባሕር ማዶ ትምህርት፥ ስለ ብርዱና ስለ ናፍቆቱ አያሌ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ትዳር መፍረስ ግን የጻፈ ሰው አላየንም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ነገሩ ያሳፍራል፤ ደግሞም የሌላ ሰው ገመና ነው። እኛ ይህን ለመጻፍ የደፈርነው ባለ ጉዳዮቹ ሁለቱም ጽሑፉን አንብበው «ስማችን ካልተጠራ ይውጣ፤ ለሌላው ይጠቅማል» ስላሉን ነው።

እኛ ስንል በፍራንክፈርት ከተማ የምንማር ሦስት ተማሪዎች ነን። በዕድሜ የሚበልጠው 29፥ የሚያንሰው 23 ዓመቱ ነው። አንዱ ሕግ፥ አንዱ ሲቪል ምሕንድስና፥ አንዱ የመድኃኒት ቅመማ ይማራል። ከሦስታችን አንድም ያገባ የለም። በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ግን ሽማግሌዎች ሆንን።

ባልዮው ጀርመን አገር ከገባ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። በተማሪነት መጥቶ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በአውሮፕላን ማረፊያው የዕቃ ክፍል ገብቶ ይሠራ ነበር፤ ሥራውም አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ነው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለው፤ ዜግነቱን ግን አልለወጠም። በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄዶ በሥርዓት አገባ። ሚስቲቱም የጀርመንኛውን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና አልፋ፥ ቪዛ ጠብቃ፥ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ወደ ባሏ መጣች። በአገር ቤት በኬሚስትሪ ዲግሪ ያላት ስትሆን በጥቅምት የሚጀመር የማስተርስ ትምህርት ቅበላ አግኝታ ነበር። እኛም ያወቅናት በዩኒቨርሲቲው መንገድ ነው።

የጠባቸውን ምክንያት እዚህ አንዘረዝርም። ዱላ አልነበረበትም፤ መጠጥ አልነበረበትም፤ ሌላ ሴት ወይም ሌላ ወንድ አልነበረበትም። ሁለት ዓመት በስልክ የተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቤት ሲገናኙ አንዱ ሌሊት ይሠራል፥ ሌላው ቀን ይማራል፤ አንዱ ለብዙ ዓመት ብቻውን መኖር ለምዷል፥ ሌላዋ ሰባት ሰው ካለበት ቤት ነው የመጣችው። እንዲህ ያለው ነገር በአገር ቤት ቢሆን በእናትና በእኅት፥ በማኅበርና በዝክር መካከል ተሸፍኖ ዕድሜ ልክ ይኖር ይሆናል። በባዕድ አገር ግን ባል ማለት እናትም፥ እኅትም፥ ጎረቤትም ነው። ይህን ሁሉ አንድ የደከመው ሰው እንዲሆን መጠበቅ ከባድ ነው፤ እሱም አልቻለውም፤ እሷም ከዚያ ባነሰ መኖር አልቻለችም።

«እንለያይ» ስትለው «ሽማግሌ አምጪ፤ ያለ ሽማግሌ አልሰማሽም» አላት። በከተማው ያሉት ትልልቅ ሰዎች ሁሉ የእሱ ወዳጆችና የሥራ ጓደኞች ናቸው። እሷ የምታውቀው እኛን ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ እኛ መጣች። እኛም በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄክስት በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድን። ባልዮው በሩን ከፍቶ ሦስታችንንም ተራ በተራ ካየ በኋላ «ሽማግሌ አምጪ ብላት ልጆች ይዛልኝ መጣች?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን «መቼም መጥታችኋል፤ ግቡ» አለ። እኛ «ጋሼ» እያልን፥ እሱ «ልጆች» እያለን፥ ነገሩ ተጀመረ።

በመጀመሪያው ቀን የሠራነው ሥራ ቢኖር ስልክ መደወል ነው። የሚስቲቱ አባት አዲስ አበባ፥ የባልዮው እናት ደብረ ብርሃን ናቸው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈትነው። እናቲቱ አለቀሱ። አባትዮው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ለወረቀቷ ስንት ወር ቀራት?»

ይህ ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ነበርና ማብራራት ይገባናል። በጀርመን ሕግ በትዳር ምክንያት የገባ የትዳር ጓደኛ የመኖሪያ ፈቃዱ የተንጠለጠለው በትዳሩ ላይ ነው። ባልና ሚስት በጀርመን አገር አብረው ሦስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ግን ቢለያዩም የመጣው ሰው በራሱ ስም ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ይህ ጊዜ ቀድሞ ሁለት ዓመት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ሦስት ከፍ ተደረገ። እንደ ድብደባ ያለ ከባድ ችግር ያለባት ሴት ጊዜው ሳይሞላ መብት ይሰጣታል፤ በእኛ ጉዳይ ግን ይህ አልነበረም። መለያየት ሰዓቱን ያቆመዋል። ሚስቲቱ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ነበራት። ሰባት ወር ጎደላት።

«እንግዲያስ ሰባት ወር ምን አላት» አሉ አባትዮው፤ «ሰው ለሰባት ወር ጾም ይጾማል። በአንድ ቤት ትቀመጥና ከዚያ በኋላ የፈለገችውን ታድርግ።» ባልዮውም ራሱን ነቀነቀ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ የሁለቱም ቤተ ዘመድ የመከረው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እኛ ሦስታችን ሌሊቱን ስንከራከር አደርን። የምሕንድስናው ተማሪ «ማንን ይጎዳል? በስም ብቻ ባልና ሚስት ሆነው ይቆዩ፤ በሰባተኛው ወር ሁሉም በየመንገዱ ይሂድ» አለ። የሕጉ ተማሪ ደግሞ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተለያይተው ሳለ አብረን ነን ብሎ መፈረም በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑን አስረዳ። የመድኃኒት ቅመማው ተማሪ ሕጉን ትቶ ሌላ ነገር አነሣ፤ በነዚያ ሰባት ወራት ባልዮው በተቈጣ ቁጥር «ሄጄ እነግራለሁ» ማለት ይችላል፤ ባይለው እንኳ ሊለው እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ፤ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚደረግ እርቅ እርቅ ነው ወይ? አለ። ይህ ሐሳብ ለእኛ ከሕጉ ይልቅ ከበደን። ሽማግሌ ሲያስታርቅ ሁለቱ ወገኖች እምቢ ለማለት የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ አንደኛው እምቢ ካለ ከአገር የሚባረር ከሆነ የሽማግሌው ሥራ ማስታረቅ መሆኑ ቀርቶ ማስገደድ ይሆናል።

ነገሩን የቆረጠችው ግን ራሷ ሚስቲቱ ናት። በሁለተኛው ቅዳሜ «ለወረቀት ብዬ በዚህ ቤት ከተቀመጥሁ ባሌ ሳይሆን አከራዬ ነው የሚሆነው» አለች። ባልዮው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ ነገር ግን አልመለሰላትም።

እንግዲህ የቀረው መንገድ የተማሪ ፈቃድ ነው። ቅበላው በእጇ አለ፤ የጎደለው ገንዘብ ነው። በዚያን ጊዜ ለአንድ የውጭ አገር ተማሪ የሚጠየቀው በዓመት 11,904 ዩሮ፥ ማለት በወር 992 ዩሮ፥ በታገደ የባንክ ሒሳብ ተቀምጦ ማሳየት ነበር። እኛ አሥራ ሁለት ሆነን በወር መቶ መቶ ዩሮ የምንጥልበት ዕቁብ አለን፤ ዕጣው ሳይወጣ ለእሷ ይሰጥ ተብሎ ማንም ሳይቃወም ተስማማን። ይህ ግን ከአንድ ወር ትንሽ ያለፈ ቀለብ ነው። በዓመቱ ላይ ቢለኩት ከሩቅ የሚታይ ነገር አይደለም።

የሕጉ ተማሪ መጻሕፍቱን ሲያገላብጥ ሰንብቶ አንድ ሌላ መንገድ አገኘ። በጀርመን አገር የሚኖርና በቂ ገቢ ያለው ሰው «የዚህን ሰው መኖሪያ እኔ እችላለሁ» ብሎ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከፈረመ የታገደ ሒሳብ አያስፈልግም። የፈረመው ሰው እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይጠየቅበታል፤ መንግሥት ለተማሪዋ መተዳደሪያ ገንዘብ ቢያወጣ ከእሱ ይቀበላል። ደመወዝ ያለው ማን አለ? እኛ ሦስታችን ተደምረን የአንድ ሰው ደመወዝ አንሞላም። ከምናውቃቸው ሰዎች መካከል እሷን የሚያውቅና ገቢው የሚበቃ አንድ ሰው ብቻ ነበረ። እሱም ባሏ ነው።

ይህን ለመጠየቅ ስንሄድ እግራችን ከበደ። ሚስት ትታህ እንድትሄድ ዋስ ሁናት ብሎ ባልን መለመን በየትኛው አገር የሽማግሌ ወግ ነው? እሷ አብራን አልመጣችም፤ እኛም እንድትመጣ አልወደድንም። ባልዮው ሁሉንም ሰማ። ፊርማው በፍቺ የማይፈርስ መሆኑን፥ ነገ እሷ ሌላ ብታገባ እንኳ እንዲያው በራሱ እንደማይሻር፥ አንዱንም ሳንደብቅ ነገርነው። «አስብበታለሁ» ብሎ ቡናውን እንኳ ሳያስፈላልን ሸኘን።

ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ከሌሊት ሥራ ሲወጣ፥ ከጧቱ በአንድ ሰዓት፥ የሕጉ ተማሪ የሚኖርበት የተማሪዎች ቤት ደጃፍ ቆሞ ተገኘ። «ከአባቷ ቤት ያመጣኋት እኔ ነኝ» አለ። «ተመልሳ ሻንጣዋን ይዛ በአባቷ ደጅ ብትቆም የምታፍረው እሷ ብቻ አይደለችም። የት ነው የሚፈረመው?» አብረነው ሄድን። የቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱን አይታ፥ የሁለቱን የቤተሰብ ስም አይታ፥ እኛንም አይታ፥ የምትለው ጠፍቷት ማኅተሙን መታች።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ባልዮውን ሞኝ ይሉታል። በከተማው ባለው የአበሻ ምግብ ቤት ለአንድ ወር ያህል ወሬው ይኸው ነበር፤ በቤተ ክርስቲያንም ቅዳሴ ሲያልቅ ሰዉ የእሱ ወገንና የእሷ ወገን ተብሎ በሁለት ተከፍሎ ይቆም ነበር። በእኛ አስተያየት ግን ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ወንድነት ያለበት እሱ ነው። ስለ ሥልጣኔና ስለ ሴቶች እኩልነት በየስብሰባው ስንናገር የምንውል እኛ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ወረቀት እንፈርም እንደ ሆነ አናውቅም።

የጀርመን ሕግ ባልና ሚስትን ወዲያው አያፋታም፤ አስቀድሞ አንድ ዓመት ተለያይተው እንዲኖሩ ያዝዛል። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ጥፋተኛው ማነው ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ትዳሩ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም ነው። አንድ ዓመት ተለያይተው ሁለቱም ከተስማሙ ፈርሷል ይባላል፤ ሦስት ዓመት ከተለያዩ ደግሞ አንደኛው ባይስማማም ፈርሷል ይባላል። መለያየቱ የተጀመረበት ቀን በኋላ ክርክር እንዳያመጣ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። ስለዚህ እኛ ሽማግሌዎቹ አንድ ወረቀት በሁለት ቋንቋ ጻፍን፤ «ከዛሬ ጀምሮ ተለያይተናል» የሚል ነው፤ ቀኑም ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ በእነርሱ አቈጣጠር መስከረም 6 ቀን 2024። ሁለቱም ፈረሙ፤ እኛም በምስክርነት ፈረምን። ለአዲሱ ዓመት አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚያድሩበት ነው። የፍራንክፈርትን የቤት ኪራይ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ክፍል እስክታገኝ ድረስ በዚያው ቤት መቀመጥ ግድ ሆነባት። ሕጉ ለዚህም መንገድ አለው። በአንድ ቤት ውስጥም ቢሆን ከገበታና ከአልጋ ከተለዩ እንደ ተለያዩ ይቈጠራል፤ ማለት አብሮ ማብሰል፥ አብሮ መብላት፥ የአንዱን ልብስ ሌላው ማጠብ መቅረት አለበት። እሷ መኝታ ቤቱን፥ እሱ ሳሎኑን ያዙ። ማቀዝቀዣውን በመደርደሪያ ተካፈሉ፤ የላይኛው የእሷ፥ የታችኛው የእሱ።

የእንጀራው ነገር ግን አስቸገረ። እሱ እንጀራ መጋገር አያውቅም፤ እሷ ደግሞ ለአንድ ሰው ብላ ሊጥ ማቡካት አይሆንላትም። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ነው። እሷ ጋግራ በሞሰብ ስታስቀምጥ እሱ ከሥራ ሲመለስ አንድ ሁለቱን አንሥቶ ይበላል። ይህ የመለያየቱን ዓመት ያፈርሰዋል ወይ? ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም በእርግጥ ለጠበቃ አቀረብነው። ጠበቃዋ እንጀራ ምን እንደ ሆነ ከተረዳች በኋላ አልፎ አልፎ የሚደረግ ደግነት አያፈርስም፥ ዘወትር ቤቱን የምታስተዳድርለት ከሆነ ግን ያጠራጥራል አለች። ከዚያ ወዲያ ባልዮው በአንድ እንጀራ አንድ ዩሮ በሞሰቡ ላይ እያስቀመጠ ይወስድ ጀመር። እሷ ሳንቲሙን አልነካችውም፤ በኋላ ክፍል አግኝታ ስትወጣ እዚያው ተከምሮ ተገኘ።

በጥቅምት መጨረሻ የተማሪ ፈቃዷ ተሰጣት። በኅዳር የተማሪዎች ቤት ገባች።

አሁን የምንጽፈው ነገር ብዙዎች የማይጠብቁት ነው። በገና ሰሞን የባልዮው እናት ደወሉላት። አልወቀሷትም፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩት፤ ከዚያ በኋላ አፌን አልከፍትም» አሏት። እሷም እኛን ጠርታ ሕጉ ምን ይላል አለች። የጀርመን ሕግ ለእርቅ ሲባል ለአጭር ጊዜ አብሮ መኖርን ይፈቅዳል፤ በፍርድ ቤቶች ልማድ እስከ ሦስት ወር ገደማ ከሆነ የተቈጠረው የመለያየት ጊዜ አይሰረዝም። ገርሞን ነበር። የአገራችን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 213፥ ፍርድ ቤቱ ለሚፋቱ ሰዎች የሚሰጠው የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሁ ከሦስት ወር አይበልጥም። ሁለት የማይተዋወቁ ሕግ አውጪዎች የሰው ቁጣ በስንት ወር እንደሚበርድ በአንድ ልክ መገመታቸው ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. ልብሷን በትንሽ ሻንጣ ይዛ ወደ ሄክስት ተመለሰች። ስድስት ሳምንት ተቀመጠች። እሱም ከሌሊት ሥራ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ወሰደ። ለጥምቀት ሁለቱም ነጭ ለብሰው ሲመጡ በቤተ ክርስቲያኑ በር ያለው ሰው ሁሉ እልል ሊል ምንም አልቀረው፤ እኛም ሽምግልናችን የሰመረ መስሎን ነበር። አልሆነም። በየካቲት አጋማሽ እሷ ዕቃዋን ስትሰበስብ እሱ ራሱ ሻንጣውን እስከ ባቡር ጣቢያ ተሸከመላት። «አሁን አውቀነዋል» አለን ለብቻው። ወረቀቷ በእጇ ስለ ነበረ ማንም ሳያስገድዳት ተመለሰች፤ ማንም ሳያስገድዳትም ወጣች። ነሐሴ ላይ አባቷን ሰምታ ተቀምጣ ቢሆን እነዚያ ስድስት ሳምንታት የእርቅ ሙከራ ይሁኑ የወረቀት ጥበቃ ሁለቱም በእርግጥ ባላወቁት ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ ማመልከቻው ገባ። ከሳሽ የሚሆነው ወገን ጠበቃ ማቆም ግዴታው ነው፤ ሌላው ከተስማማ ያለ ጠበቃ መቅረብ ይችላል። ወጪው የሚሰላው በሁለቱ የሦስት ወር ደመወዝ መነሻነት ነው፤ ገቢ ለሌለው ደግሞ መንግሥት የሚረዳበት መንገድ አለ። ዳኛው የሚፈርደው በጀርመን ሕግ ነው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 2012 ድረስ ሁለት ኢትዮጵያውያን በጀርመን ፍርድ ቤት ሲፋቱ ጀርመናዊው ዳኛ የኢትዮጵያን የቤተሰብ ሕግ አስተርጕሞ በእሱ ይፈርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ባልና ሚስቱ ሌላ ካልመረጡ የሚኖሩበት አገር ሕግ ይሠራል።

ባልዮውን ያስደነገጠው የጡረታው ነገር ነው። በጀርመን አገር በትዳሩ ዘመን የተጠራቀመ የጡረታ መብት ለሁለት ይካፈላል። ጋብቻው ከሦስት ዓመት ያነሰ ሲሆን ካልተጠየቀ በቀር አይነካም፤ የእነርሱ ግን ከዚያ አልፎ ነበር። «ገና ሽማግሌ ሳልሆን የሽምግልናዬን እንጀራ?» አለ። እሷ ድርሻዬን አልፈልግም ለማለት አሰበች፤ ጠበቃዋ ግን እንዲህ ያለውን መተው ቀላል ነገር አይደለም ብላ መከረቻት፤ በመጨረሻም እንደ ሕጉ ተካፈሉ። ቀረጡም ከፍ አለበት፤ ያገባ ሰው የሚከፍለው የተቀነሰ ቀረጥ ከተለያዩበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ጥር ያበቃልና።

የፍርዱ ቀን በኅዳር 2018 ዓ.ም. ነበር። እኛ ውጭ ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ የቤተሰብ ጉዳይ በዝግ ነው የሚታይ። አስተርጓሚ ተመድቦ ነበር። ዳኛው ሁለቱንም «ትዳሩ አበቃ ብላችሁ ታምናላችሁ ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ አዎን አሉ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሲወጡ እሷ አለቀሰች፤ እሱ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። ከዚያም አራተኛና አምስተኛ ወንበር ስበን ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለው ቡና ቤት አምስታችንም ተቀመጥን፤ ማን እንደ ጋበዘ አሁን አናስታውስም።

ወሬው ስለ ተሰማ በዚያው ዓመት ሌላ ባልና ሚስት ወደ እኛ መጡ። እነርሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበራቸው፤ ጉዳዩም ፈጽሞ ሌላ ነው። በጀርመን አገር ከፍቺ በኋላም የልጅ አሳዳጊነት ፍርድ ቤት ካልለወጠው በቀር የሁለቱም ሆኖ ይቀጥላል። ቀለቡን በሚመለከት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተም የዱሰልዶርፍ ሠንጠረዥ የሚባል አለ፤ ዳኞች የሚመሩበት ነው። በ2025 ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ዝቅተኛው 482 ዩሮ በወር ነበረ፤ መንግሥት ለልጅ ከሚሰጠው 255 ዩሮ ግማሹ ሲቀነስ አባትዮው በእጁ የሚሰጠው 354 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይሆናል። አባትዮው «የገዛ ልጄን በሠንጠረዥ?» ብሎ ተቈጣ። ነገር ግን በሠንጠረዥ መሆኑ ጠቀመን፤ በገንዘቡ ላይ መከራከር ስለማያስፈልግ የቀረው ጊዜያችን ሁሉ ልጁ ቅዳሜን የት ይውላል፥ አማርኛ ማን ያስተምረዋል፥ ክረምት አዲስ አበባ አያቶቹ ዘንድ ሲሄድ ማን ይፈቅዳል በሚለው ላይ ዋለ። እነዚህም አልቀው አልተፈቱም።

ወደ መጀመሪያዎቹ እንመለስና፥ በፍራንክፈርት የተፈረደው ፍርድ ቦሌ ሲደርስ አብሮ አይወርድም። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት የውጭ አገር ፍርድ በአገራችን እንዲፈጸም ለፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል፤ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑ፥ ሁለቱም ወገኖች የመሰማት ዕድል ማግኘታቸው፥ ነገሩ ከአገሪቱ ሕዝባዊ ሥርዓትና ሞራል ጋር አለመጋጨቱ፥ ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ ይመረመራል። እስከዚያው ድረስ እነዚህ ሰዎች በሄክስት የተፋቱ፥ በአዲስ አበባ ባልና ሚስት ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ አገር ቤት ገብቶ ሌላ ለማግባት ሲነሣ ነው የሚገባው።

በአባቶቻችን ጊዜ እንደ ነበረው፥ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ፤ እነርሱም የጋብቻው ምስክሮች ነበሩ። አሁን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ የሽማግሌ ድርሻ ማስታረቅ መሞከር ነው። የሕጉ ተማሪ በአሮጌው ሕግ ቢሆን ኖሮ እኛ ከቶ ሽማግሌ መሆን እንደማንችል ነገረን፤ በሠርጉ ቀን ከሦስታችን አንዱም አልነበረምና።

ሌላው የቀረው አዲስ አበባ ያለችው አንዲት የኮንዶሚኒየም ቤት ናት። ገንዘቡ በየወሩ ከፍራንክፈርት የተላከ ነው፤ የግማሹ ዓመት ደግሞ እሷ በጽዳት ሥራ ያገኘችው ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ ስለሚታይ የጀርመኑ ዳኛ ቤቲቱን አልነካትም። በእኛ ሕግ የጋራ ንብረት በመርሕ ደረጃ እኩል ይካፈላል። እነርሱም እኛ ባለንበት በአንድ እሑድ ተነጋግረው ቤቲቱ ሳትሸጥ እንድትከራይ፥ ኪራዩም ለሁለት እንዲከፈል ተስማሙ። ለመፈረም ግን ሁለቱም አገር ቤት መሄድ አይችሉምና እያንዳንዳቸው በኤምባሲ በኩል ውክልና መስጠት ነበረባቸው። ማንን ይወክላሉ? ባልዮው ወንድሙን ቢል እሷ አትወድም፤ እሷ እኅቷን ብትል እሱ አይወድም።

በመጨረሻ ሁለቱም የወከሉት አንድ ሰው ሆነ፤ ያን ጊዜ በስልክ «ሰባት ወር ምን አላት» ያሉትን አባቷን። ሐሳቡን ያቀረበው ባልዮው ነው። ሽማግሌው መምህር በየወሩ ኪራዩን ተቀብለው ለሁለት ከፍለው፥ በገዛ እጃቸው በሁለት ደብተር ይጽፋሉ፤ የደብተሩንም ፎቶግራፍ ለሁለቱም ይልካሉ። የሠርጉ ሥዕል ግን አሁንም ከሳሎናቸው ግድግዳ አልወረደም ይላሉ። የውጭ ፍርዱ ማመልከቻ በፍርድ ቤት ነው፤ ትርጕሙ አንድ ጊዜ ማኅተም ጎድሎት ተመልሶ ነበር፤ አሁን ተስተካክሎ ገብቷል።